ወደ ገዳሪፍ በየት በኩል?

ባለቤቴ ከአባቱ የወረሰው ቤት ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ ላይ ነበረው። ሁለት ክፍል፣ ሰፊ ግቢ፣ ግቢው መሀል አንድ የኒም ዛፍ። እናቱ እዚያ ይኖሩ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ በየዓመቱ ዝናሙ ሲያበቃ የባሕር ዳሩን ሱቃችንን ዘግተን፣ በአሮጌዋ ላንድሮቨር እንሄድና ወር ያህል ተቀምጠን እንመለሳለን። በየት በኩል እንሂድ የሚባል ነገር አልነበረም። ጎንደር ሳይደርሱ አዘዞ ላይ ወደ መተማ መታጠፍ ነው፤ ማንም የሚያውቀው መንገድ።

ደርግ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ግን ወደ ጠረፍ የሚወስድ መንገድ ስም መጥራት ራሱ ያስጠረጥር ጀመር። መተማ ያለ ሰው ሊኮበልል ነው፤ ሁመራ ያለ ከሸፈቱት ጋር ሊገናኝ ነው። ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ከምንኖርበት ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሌላ ቤት ነበረን። «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወሰደና ቀበሌው ለአንድ የጂኦግራፊ መምህር ሰጠው። መምህሩ ከሐረር የመጣ፣ ብቻውን የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው አንድ። እሱ ሲያስል እኛ እንሰማለን። እኛ ስናወራም እሱ ይሰማል ማለት ነው። ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ሳየው ደሜ ይፈላ ነበር፤ ሰላምታውን የምመልሰው በግማሽ አፌ ነው።

በጥቅምት ወር አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የአማቴን መልእክት ይዞ መጣ። «ከአልጋ ከዋሉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ልጄ ዓይኔን ሳልከድን ይምጣ ብለዋል» አለን።

በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ከምሳ በኋላ በሩን ዘጋና ስኳር በተጠቀለለበት ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ መስመር ያሰምር ጀመር።

«ሕፃኗን ይዘን በአሥመራ ነው የምንሄደው» አለኝ በሹክሹክታ። «ከአሥመራ ተሰነይ፣ ከተሰነይ ጠረፉን ተሻግሮ ከሰላ፣ ከዚያ ወደ ገዳሪፍ መውረድ ነው።»

«ይኼ እኮ አገር ዙሮ መምጣት ነው! መተማ እያለ?»

«መተማ ኬላው በዝቷል። ነጋዴ አሥመራ ቢሄድ ማን ይጠረጥረዋል? ይኼን የነገርሁት ላንቺ ብቻ ነው። ለእናትሽ እንኳ እንዳትነግሪ።»

«ወላሂ ትንፍሽ አልልም» አልሁት።

ከዚያ ወዲያ ጠባዩ ተለወጠ። አንድ ቀን እሱና መምህሩ ደጅ ቆመው ሲያወሩ አየሁ፤ መምህሩ አንድ ካርታ ዘርግቶ በጣቱ እያሳየው ነው። ስደርስ ካርታውን አጠፈ። «ምን ትላላችሁ?» ብላቸው ባለቤቴ «ስለ ዝናም ነው» አለኝ። ስለ ዝናም በካርታ ይወራል? እኔ ለእናቴ እንኳ እንዳልተነፍስ ምዬ፣ እሱ ቤታችንን ከወሰደው ሰው ጋር ካርታ ያነባል። ያን ቀን ራቱን አቅርቤለት ሳላናግረው ተኛሁ።

ሳምንት አልሞላም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ከሴቶቹ መሀል ለይቶ ጠራኝ። ሰውየው ቀድሞ በሐይቁ ወደብ ይሠራ የነበረ፣ ሲናገር የሚስቅ፣ ሲስቅ ግን ዓይኑ የማይስቅ ሰው ነበር።

«እህቴ፣ በተሰነይ በኩል መንገዱ አደገኛ ነው ይላሉ። ከሕፃን ጋር እንዴት ልትሆኚ ነው?»

«የምን ተሰነይ?» አልሁት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው» ብሎ ሳቀና ወደ ሌላው ዞረ።

ወደ ቤት የሄድሁት እየሮጥሁ ነው። ለባለቤቴ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም! መምህሩ ነው። በግድግዳው ሰምቶ ነው። ካርታውን ያሳየህ እሱ አይደል?»

ራሱን ነቀነቀ። «ለመምህሩ በሁመራ ነው ያልሁት። ወሬው ከእሱ ቢወጣ ኖሮ ሊቀ መንበሩ ሁመራ ይልሽ ነበር። ተሰነይን የነገርሁት ላንቺ ብቻ ነው።»

ነገሩ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ። ለእያንዳንዳችን የተለየ መንገድ ሰጥቶን ኖሯል፤ ወሬው ከማን እንደሚሾልክ ሊያይ። እውነተኛውን ሆዱ ውስጥ ይዞታል።

«እኔንም? የልጅህን እናት?»

«ጊዜው ነው» አለኝ፤ ሊያየኝ አልቻለም። «ጊዜው እንዲህ አድርጎናል።»

አልቅሼ ስጨርስ ቁጣዬ ወደ ግድግዳው ዞረ። ወጥቼ የመምህሩን በር ደበደብሁ። መጽሐፍ በእጁ እንደያዘ ከፈተልኝ። «ቤታችንን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ ወሬያችንን ይሸጣሉ? ጆሮዎን ከግድግዳው ያንሱ!» አልሁት። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። «አዝናለሁ፣ እህቴ» ብቻ አለኝና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ያ ጸጥታው ለእኔ የጥፋተኛ ጸጥታ መሰለኝ።

በሁለተኛው ቀን ልጄን እያጠብሁ ሳለሁ ድንገት ትዝ አለኝ። ከስብሰባው በፊት መድኃኒት ቤት ሄጄ ነበር። ለልጄ የወባ ክኒን ልገዛ። ሻጩ «የትኛው ቆላ ነው የምትወስጃት? ክኒኑ እንደ አገሩ ነው» ሲለኝ ሳላስብ «ተሰነይ» ብዬዋለሁ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሦስት አራት ሰዎች ነበሩ።

ልጄን በፎጣ ጠቅልዬ እንደታቀፍሁ ሱቅ ሄድሁ። ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርሁት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ስለ ልጃችን ብለሽ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀጥሎ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ውሸቱን ትቼ እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ ተጠንቅቀሽ ትይዥው ነበር» አለ።

በማግሥቱ የማይጠበቅ ነገር አደረገ። በቀጥታ ቀበሌ ሄዶ «እናቴ ገዳሪፍ ታመዋል፤ በመተማ ሄጄ ላያቸው እፈልጋለሁ፤ የይለፍ ወረቀት ጻፉልኝ» አለ። ቤቱንም፣ መንገዱንም ሳይደብቅ። ሊቀ መንበሩ አሰበና ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ፣ እኔና ልጄ ባሕር ዳር እንቀራለን። ሁለተኛ፣ ዋስ ይጥራ፤ ካልተመለሰ ዋሱ ይታሰራል።

ዋስ ፍለጋ ስንት ደጅ ጠናን! ወንድሙ «ልጆች አሉኝ» አለ። የንግድ ባልደረባው እቤቱ እያለ የለም አስባለ። ሰውን ሁሉ ስንጠረጥር ከርመን ሰው በተራው እኛን ጠረጠረ። በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ ተጠርቶ ቀበሌ ሲሄድ ወረቀቱ ተፈርሞ ጠበቀው። የፈረመው መምህሩ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት የመምህሩን በር አንኳኳሁ፤ በዚህኛው ጊዜ በቀስታ። «ያልሁዎትን ሁሉ ሰምተው እንዴት ፈረሙ?» አልሁት።

«እናቴ ስትሞት እኔ ሩቅ ነበርኩ» አለኝ። «ደሞ በግድግዳው እሰማለሁ ያልሽው እውነት ነው። እሱ በየቀኑ ሲሰግድ ለእናቱ ሲለምን እሰማዋለሁ። እንዲህ የሚለምን ሰው ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም።»

ይቅርታ ልጠይቀው ስል እንባዬ ቀደመኝ።

ባለቤቴ ዓርብ ጧት ሄደ። ልጄን አዝዬ እስከ ዓባይ ድልድይ ሸኘሁት። ኬላው ላይ ወታደሮች የላንድሮቨሯን መቀመጫ ሳይቀር አስነስተው ፈተሹ። ከዚያ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ጠፋ። አሥራ አምስት ቀን ነበር የተፈቀደለት። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሊቀ መንበሩ መጥቶ «ወሬ የለም?» አለኝ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን እኔ ራሴ መጠርጠር ጀመርሁ። እናቱ እዚያ፣ ቤቱ እዚያ፣ ሰላሙ እዚያ። ምን ሊመልሰው? ለራሴ ከማዘኔ ይልቅ ያሳፈረኝ የመምህሩ ነገር ነበር። ጧት ጧት ደብተሩን ይዞ ሲወጣ በመስኮት አየዋለሁ፤ አንድም ቀን «ምን ሰማሽ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

በሃያኛው ቀን፣ ሐይቁ ዳር ልብስ አጥቤ ስመለስ፣ ላንድሮቨሯ አቧራ ለብሳ ደጃችን ቆማለች። የኋላው መቀመጫ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ፣ ከልጅ የቀለሉ አሮጊት። አማቴ ነበሩ። በመመለሻው መንገድ አይከል ኬላ ላይ የመኪና ስምሪት ተከልክሏል ተብሎ አምስት ቀን አስቀምጠዋቸው ነው።

«የገዳሪፉ ቤትስ?» አልሁት፣ ሰላም ሳልለው።

«ለጎረቤት ሰጠሁት። እዚያ ቤት ማስቀመጥ ሊኮበልል ነው ያሰኛል፤ እናቴን ካመጣሁ ሌላው ይቅር» አለኝ።

መምህሩ ድምፅ ሰምቶ ወጣ። ባለቤቴ ሄዶ አቀፈው። ከዚያ ሦስታችን ሆነን አማቴን ተሸክመን ወደ ቤት አስገባናቸው፤ መምህሩ ጭንቅላታቸውን፣ ባለቤቴ ወገባቸውን፣ እኔ እግራቸውን ይዤ።