በእህቱ ፋንታ

ከጥምቀት በኋላ በዋለው ሰኞ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ገበሬ ነቀምቴ ከተማ በሚገኝ የቡና መጋዘን ውስጥ ፊደል ሊማር ተቀመጠ። ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። እኔ የመጋዘኑ ሚዛን ያዥ ነበርሁ፤ ሃያ አራት ዓመቴ። አግዳሚው ላይ ከጎኔ ስለተቀመጠ የሆነውን ከቅርብ አይቻለሁ።

ትምህርት ቤቱ የአሠሪያችን ነው። ሰውየው ከሸዋ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሁላችንም «ጌቶች» እንላቸዋለን። ከመጋዘኑ አንዱን ጥግ አስጠርገው ሰሌዳ አሰቀሉ፤ ከመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ቀጠሩ፤ ጠመኔውንና የፋኖሱን ጋዝ ይችላሉ። ለሚማር ሰው ሥራ የሚያበቃው ከሌላው ቀደም ብሎ ነው። በከተማው እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ነጋዴ አላውቅም ነበር። በጆንያ ተሸካሚነት ገብቶ ማንበብ የቻለ ሰው ሌላ ጸሐፊ ከመቅጠር እንደሚያድናቸውም እሳቸው ራሳቸው አይደብቁም።

የምንማርበት ምክንያት እንደ ዕድሜያችን የተለያየ ነው። እኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ለመውሰድ ነበር። አንዱ ተሸካሚ መንጃ ፈቃድ ይፈልጋል። ሽማግሌው ዘበኛ ደግሞ ከመሞታቸው በፊት ወንጌሉን በራሳቸው ዓይን ማየት ይሻሉ። ሁላችንንም መምህሩ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰሌዳ ያስተምረናል።

ከሁላችን የበረታችው የገበሬው እህት ናት። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ባሏ ሞቶባታል። «አዴ» እንላታለን፤ በአገሩ ለትልቅ ሴት የሚባል ነው። ባሏ በታመመ ጊዜ ከክሊኒክ የተሰጣትን የመድኃኒት ወረቀት የሚያነብላት አጥታ ከጎረቤት ጎረቤት ስትዞር መዋሏን ነግራኛለች። ቡና ለቃሚ ሆና ስትገባ አንድ ፊደል አታውቅም። በዚያ ዓመት ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች። ቡናው የመጣበትን አገርና ክብደቱን በቀለም ጆንያ ላይ የምትጽፈውም እሷ ናት።

በታኅሣሥ ወር በደምቢዶሎ መንገድ ላይ ያለች የአንዲት ከተማ ክሊኒክ በረዳትነት ሊያሠለጥናት ፈቀደ፤ ከፋሲካ በፊት ከመጣች ነው። ደስ ሊላት ሲገባ ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«ምነው፣ አዴ?»

«ዋሴ ማን እንደሆነ ረሳህ?»

አልረሳሁም። መጋዘኑ ያለ ዋስ ሰው አይቀጥርም። የእሷ ዋስ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ወንድሟ ደግሞ አኖ ከምትባል ከተማ አጠገብ የሚያርሰው የጌቶችን መሬት ነው። ሳይፈቀድላት ብትወጣ የሚጠየቀው እሱ ነው።

«እኔ ከዚህ ስወጣ እሱ ከማሳው ይወጣል» አለችኝ።

ጌቶችን ብትለምን እምቢ አሉ። ወንድሟ በጭነት መኪና ከአኖ መጣ፤ ሽማግሌዎች ተለመኑና አንድ ቅዳሜ ከመጋዘኑ ግቢ ተቀመጡ።

«አስተምሬ ለሰው ላስረክብ?» አሉ ጌቶች። «ጆንያዬን ማን ይጽፍልኛል?»

«ልጅቱ ወደ ክፉ አይደለም የምትሄደው» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «በሽተኛ ልትረዳ ነው።»

«እኔን ጤነኛ ስለሆንሁ ነው የምትተወኝ?»

ሰው ሳቀ። ገበሬው አልሳቀም።

«እኔ ልተካት» አለ።

«አንተ? ፊደል ታውቃለህ?»

«በሬ አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ፊደል ከበሬ አይብስም።»

ጌቶች ነገሩን ወደዱት። «ይማር» አሉ። «እሷ የምትጽፈውን በጻፈ ቀን እሷ ትሂድ፣ እሱ ይቅር።»

«እስከ መቼ ነው የሚቀረው?» ብሎ አንድ ሰው ጠየቀ።

«ዝናብ ሳይገባ ማሳዬ ላይ እሆናለሁ» አለ ገበሬው።

«እግዜር ያውቃል» አሉ ጌቶች።

በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ግን ለምለም ሣር ይዘው ተነሥተው ነበር። መረቁ፤ ሁሉም «አሜን» አለ። በዚያ አገር ደንብ የተመረቀበት ነገር ዳግመኛ አይነሣም። የጊዜውን ጉዳይ በቃል ያሰረው ሰው አልነበረም።

ገበሬው በሬዎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ መጣ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጉራች፣ ጥቁር ነው፤ አንዱ ዳለች፣ አመድማ። ከዘበኛው ጋር ያድራል፤ ቀን ጆንያ ይሸከማል፤ በአሥራ አንድ ሰዓት ይማራል። እስክሪብቶውን እንደ እርፍ ተጭኖ ስለሚይዘው ወረቀቱ ይቀደዳል።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ቀስ በል እንጂ» ትለዋለች እህቱ። ወንድሜ ማለቷ ነው። «ወረቀት ነው፤ ጭንጫ አይደለም።»

መንጃ ፈቃድ ፈላጊው ተሸካሚ አይተወውም። «አባ በሬ፣ ዛሬ ስንት ጥማድ አረስህ?»

«ያንተ መኪና የማይገባበትን ያህል።»

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ፊደሉን ገና አልለየም ነበር። ዛሬ የያዘውን ነገ ይረሳዋል። መምህሩ እህቱን ለብቻዋ ጠርቶ፣ በዚህ አያያዝ ዓመት ይፈጅበታል አላት። ክሊኒኩ የሰጣት ጊዜ ደግሞ ፋሲካ ነው። በዚያ ሳምንት ጆንያ ስትጽፍ ሁለት ጊዜ የአገር ስም ተሳስታ አይቻታለሁ።

ከዚያ ሌላ መንገድ ያዘች። ፊደሉን ተወችውና አንዱን የአገር ስም ሙሉውን፣ በከብት ላይ እንደሚተኮስ ምልክት፣ ደጋግሞ እንዲያወጣ አደረገችው። መጀመሪያ አርጆ፤ ሲይዘው ጊምቢ፤ ቀጥሎ መንዲ፣ ደምቢዶሎ። ቁጥር ከገበያ ያውቅ ስለነበር ብዙ አላስቸገረውም።

መምህሩ ተቆጣ። «ይህ መሳል ነው፤ መጻፍ አይደለም።»

«ጌቶች የጠየቁት ጆንያውን ነው» አለችው።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ጌቶች ሊፈትኑት መጡ። ባዶ ጆንያዎች ተደረደሩ። ቡሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ ያዘ። «አርጆ» አሉ፤ ጻፈ። «ጊምቢ» አሉ፤ ጻፈ። ሁሉንም ጻፈ። ሥራ ቆሞ ሁላችንም እናያለን። ጌቶች መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«አሁን የእኔን ስም ጻፍ።»

ቡሩሹ አየር ላይ ቀረ። ቀለሙ በጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል። ወንድምየው ወደ እህቱ ዞረ። መምህሩ ወደ መሬት አየ።

«የጌቶች ስም ጆንያ ላይ ተጽፎ አያውቅም» አለች አዴ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኔ የምጽፈውን በጻፈ ቀን ነው የተባለው።»

ዘበኛው ሳሉ።

«ብለናል» አሉ ጌቶች በመጨረሻ። «ሂጂ።»

ሰኞ ጧት አውቶቡስ ተሳፈረች። ዕቃዋን መናኸሪያ ድረስ ያደረሰላት ወንድሟ ነው። ተመልሶ ጆንያ ሲጽፍ ዋለ፤ በአሥራ አንድ ሰዓት ከእህቱ ቦታ ተቀመጠ።

ፋሲካ አለፈ። ደመናው በየቀኑ በምሥራቅ በኩል ሲከማች እሱ በጆንያው ክምር መካከል ቆሞ በበሩ ያያል። አንድ ቀን ፈቃድ ጠየቀ፤ እኔ ሚዛኑ ዘንድ ነበርሁ።

«የእርሻ ጊዜ ነው፣ ጌታዬ። ማሳው አንድ ጊዜም አልተገመሰም።»

«እህትህ ስትሄድ ምን አደረገች?»

«እኔን ተካች።»

«አንተም ተካ።»

የሚተካው ሰው የለውም። ትልቋ ልጁ ገና ስምንት ዓመቷ ነው። እሑድ ወደ መረቁት ሽማግሌ ቤት ሄዶ ነበር። ምን አሉህ ብዬ ጠየቅሁት።

«ተመርቋል አሉኝ።»

«ሌላስ?»

«እርጎ ሰጡኝ።»

ጠፍቶ ቢሄድ የሚሄደው ወደዚያው ወደ ጌቶች መሬት ነው። ይህንን እኔ አላሰብሁትም፤ እሱ ነው የነገረኝ፣ ቡሩሹን በጋዝ እያጠበ።

በግንቦት መጀመሪያ ሳምንት ቡና ልመዝን በጭነት መኪናው ወደ አኖ ተላክሁ። ዘንቦ ነበር። ማሳው በአኖ መግቢያ፣ ከመንገዱ በስተግራ መሆኑን ነግሮኛል። ሾፌሩን አስቁሜ ወረድሁ። ማሳው ታርሷል። አንድ ጎልማሳ በሁለት በሬ እርሻውን እየደገመ ነበር።

«አካም ጅርታ?» ብዬ ደህንነቱን ጠየቅሁት።

«ፈያ። ቡና ነው የምትጭኑት?»

«አዎ። ይህ ማሳ የማን ነው?»

«የጌቶች ነው።»

«የሚያርሰውስ?»

«ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ እኔ ነኝ። የፊተኛው ከተማ ገብቶ ጸሐፊ ሆኗል አሉኝ።»

ነቀምቴ ስንመለስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ፣ ትምህርት ተጀምሮ ነበር። ከጎኑ ተቀመጥሁና ያየሁትንና የሰማሁትን ነገርሁት።

«በሬዎቹ ምን መልክ ናቸው?» አለኝ።

«አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ።»

«የእኔ አይደሉም» አለ።

ደብተሩን አቃንቶ ሰሌዳው ላይ ያለውን መገልበጥ ጀመረ። በዚያ ቀን መምህሩ የጻፈው ከ«ቀ» እስከ «ቆ» ያለውን ነው።