ከኮምፔርሳቶው ማዶ

ፍሪጄ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ጂማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለችው ክለቤ ጥግ ቆሞ ብርጭቆ መደርደሪያ ሆኖ ነው የሚኖረው፤ ቢራውንም ለስላሳውንም የማቀዘቅዘው በርሜል ውስጥ በበረዶ ነው። ስለዚህ አንድ እሁድ ከሰዓት ደሬሳ የሚባለው ድራመር ከባንዱ ጋር መጫወት ሊጀምር ሲል፣ "ጽዮኔ፣ በናትሽ ፍሪጁን እንዳታጠፊው" ሲለኝ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ።

"የቱን ፍሪጅ?"

"ይሄን ነዋ! ቦታው ጠባብ ስለሆነ ጀርባዬን ፍሪጁ የተጠጋበት ኮምፔርሳቶ ላይ አስደግፌ አይደል የምጫወተው? ሞተሩ ትክ ትክ እያለ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። እሱን ይዤ ነው የምመታው፤ እሱ ከሌለ እፈጥናለሁ።"

ክለብ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቀድሞ የቡና መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። በኮምፔርሳቶ ለሁለት ተከፍሎ አንዱን እኔ፣ ሌላውን ልብስ ሰፊዋ እትዬ ዙሀራ ተከራይተነዋል። እሁድ እሁድ ከሰዓት፣ ማንም የማያውቃቸው፣ የራሳቸውን ዘፈን የሚሠሩ ባንዶች ይጫወቱበታል። አንዳንዶቹ ለትምህርት ጂማ የመጡ ተማሪዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሰኮሩ ላይ ምሳ በልተው ከአዲስ አበባ በሚኒባስ የሚመጡ ናቸው። የእነ ደሬሳ ባንድ ስሙ "ሦስት ኬብል" ነው፤ ሲጀምሩ የነበራቸው ንብረት ያ ብቻ ነበር። አድማጩ የሚቆመው በዘፋኟ በሌንሳ አፍንጫ ሥር ነው። ሌንሳ ግጥሟ ሲጠፋባት ከፊት የቆመው ሰው ያስታውሳታል። እኔ ደግሞ የምወደው ይሄንኑ ነው። ትልቅ አዳራሽ ውስጥማ ሰው የሚያየው ዘፋኙን ሳይሆን ከፊቱ የቆመውን ሰውዬ ስልክ ነው።

ለደሬሳ ፍሪጁ መሞቱን አልነገርኩትም። ነገር ካልገባኝ ምግብ አይበላልኝም፤ ሳይገባኝ ደግሞ ማውራት አልወድም። ባንዱ ሲጀምር ሄጄ ጆሮዬን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። እንደ ድንጋይ ዝም ብሏል። እትዬ ዙሀራ ይሆኑ እንዴ እንዳልል፣ እሁድ ሱቃቸው ዝግ ነው።

ክለባችን አንድ ልማድ አለው። መስጊዱ ቅርባችን ስለሆነ፣ አዛን ሲሰማ ባንዱ ዘፈኑ መሃል ላይ ቢሆንም ይቆማል፤ አዛኑ ሲያበቃ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የዚያን ቀንም የከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ሲል ቆሙ። ደሬሳ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ፍሪጅሽ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! አዛን ሲል እሱም ዝም ይላል። የሚነሳው ግን እኛ ከጀመርን ትንሽ ቆይቶ ነው" አለኝ።

የሚሰግድ ፍሪጅ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ሽርጤን ፈትቼ በጓሮ ዞርኩና የእትዬ ዙሀራን በር አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ጽዮናዊት።"

በሩ ከውስጥ ነበር የተዘጋው። መስገጃቸውን እያጠፉ ከፈቱልኝ። በእግር የምትሠራው የስፌት መኪናቸው ኮምፔርሳቶውን ተጠግታ፣ መርፌዋ ሥር የሰው ቀሚስ ተዘርግቷል። እትዬ ዙሀራ የጎረቤት ማር ሲልሱ የተያዙ ያህል ደነገጡ። ጠና ያሉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ስንት ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም።

"እሁድም ይሠራሉ እንዴ፣ እትዬ?"

"ለሥራ አይደለም፣ ወላሂ። ልጆቹን ልሰማ ነው የምመጣው። እጅና እግሬን አጣጥፌ ልስማ ብል እግሬ እንቢ አለኝ። ባይሆን እየሰፋሁ ልስማ ብዬ ነው።"

ከዚያ በኋላ አፋቸው ተፈታ። በክለቤ ያለፉትን ባንዶች ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቋቸዋል። ክራሩ ተቃኝቶ የማያውቀውን፣ መድረክ ላይ ተጣልተው የተበተኑትን፣ ሌንሳ ጉንፋን ይዟት የዘፈነችበትን ቀን ሳይቀር ያስታውሳሉ። የአንዳቸውንም መልክ ግን አያውቁም።

"ያ ድራም የሚመታው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ትልቅ ሰውዬ ነው አይደል? ፂማም? እርጋታው ደስ ይለኛል። ስሰፋ እሱን ነው የምከተለው።"

ክው አልኩ። እሱ እሳቸውን ይከተላል፣ እሳቸው እሱን ይከተላሉ። ታዲያ የሚመራው ማነው? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልፈታሁትም።

"ለምን ገብተው አያዩትም?" አልኳቸው።

"ቢራ ያለበት ቤት አልገባም፣ ልጄ። በአንቺ ፈርጄ እንዳይመስልሽ።"

እውነቱን ልናገርና ትንሽ ከፋኝ። በስልኬ ቀርጬ ላሳያቸው አልኩ። በእጃቸው ገፋ አደረጉት። "ስልክማ የወለድኳት ልጄ ፊርዶስም አላት። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ይናፍቃል። በወሩ መጨረሻ አሰንዳቦ እሷ ጋ ጠቅልዬ ልሄድ ነው። አንድ ቀን በዓይኔ ሳላያቸው መሄዴ ነው የሚያንገበግበኝ።"

ቀሚስ እንዲሰፉልኝ አዝዤ ወጣሁ። ቀሚሱ ሰበብ ነበር፤ ተመልሼ የምመጣበት ምክንያት ፈልጌ ነው። ማታውን ሳሰላስል ቆየሁ። እሳቸው ወደ እኛ ካልመጡ፣ ያለው መፍትሔ ግድግዳውን ማንሳት ነው። ያቆምኩት እኔ፣ ምስማሩም የእኔ!

ለባንዱ ስነግራቸው ሌንሳ ከት ብላ ሳቀች። ደሬሳ ግን አልሳቀም። "ፍሪጁ ሰው ነው?" አለና ኮምፔርሳቶውን በእጁ ዳበሰው። "ስንት ጊዜ ተደግፌያቸዋለሁ! አንድ ቀን እንኳ ሰላም አላልኳቸውም።"

እትዬ ዙሀራ ሊሄዱ ሲሉ በነበረው የመጨረሻ እሁድ ምስማሩን ነቅለን ከግድግዳው ሁለት ኮምፔርሳቶ አነሳን። የዚያን ቀን ቢራ አልሸጥኩም። ደንበኞቼ አጉረመረሙ፤ ያኮረፈ ይሂድ አልኩ፣ ሦስት አራቱም ሄዱ። እትዬ ዙሀራ የኢድ ልብሳቸውን ለብሰው በገዛ ሱቃቸው፣ በገዛ ወንበራቸው፣ መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል። መርፌዋ ሥር የእኔ ቀሚስ አለ፤ የቀረው አንድ እጅጌ ነው። ደሬሳ ድራሙን አዙሮ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

"ይሄ ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ። "ይሄ ቀጫጫ? ፂም እንኳ የለውም እኮ! ማሻአላህ።"

ባንዱ ጀመረ። ወዲያው ነገሩ ተበላሸ። ደሬሳ ጀርባው ባዶ ሆኖበት ይሮጣል፣ ሌንሳ ከኋላው ትጎተታለች፣ ቤዝ የሚጫወተው አብሳሎም ማንን እንደሚከተል ግራ ገብቶት አንዴ እሱን አንዴ እሷን ያያል። እትዬ ዙሀራ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው በዓይናቸው ይጠጧቸዋል። እግራቸው ቆሟል። እኔ በር ላይ ቆሜ አፈርኩ፤ የሴትዮዋን የዓመታት ጉጉት በገዛ እጄ ያበላሸሁባቸው መሰለኝ።

ድንገት፣ "ሱታ!" ብለው ጮኹ። "ሱታ፣ ልጄ! ፈጠንክ እኮ። ቀስ በል!"

ዘፈኑ ቆመ። እሳቸውም በራሳቸው ድፍረት ደንግጠው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ደሬሳ ላቡን ጠረገና፣ "እትዬ፣ እርስዎ ይጀምሩልኝ" አላቸው።

እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አደረጉ። ትክ፣ ትክ፣ ትክ። ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ የስፌት መኪና ሰማ። ደሬሳ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ አዳመጠና ገባ። ዘፈኑ ተስተካከለ። የአስር ሶላት አዛን ሲል ሁሉም ቆሙ፤ እሳቸው ጓዳ ገብተው ሰገዱ። አዛኑ ካበቃም በኋላ የዚያን ቀን ማንም አልጀመረም። እሳቸው ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ነው ባንዱ የቀጠለው። እኔ መቼም ነገረኛ ነኝ እንጂ አልቃሽ አይደለሁም፤ የዚያን ዕለት ግን አለቀስኩ።

እትዬ ዙሀራ ማክሰኞ ወደ አሰንዳቦ ሄዱ። ኮምፔርሳቶው ተመልሶ ተመታ፤ ሱቁን ስልክ ጠጋኝ ተከራየው።

ቀሚሴን የሞከርኩት ከሄዱ በኋላ ነው። ቀኝ እጄ ገባ። ግራ እጄ እጅጌው ውስጥ ሄዶ ሄዶ ጫፉ ላይ መውጫ አጣ። የቦሳ አዲስ ምርጥ ልብስ ሰፊ የእጅጌውን አፍ ገጥመው ሰፍተውታል፤ ያውም ደጋግመው፣ ቀጥ ባለ ውብ ስፌት።

ደወልኩላቸው።

"ያ አላህ! ዓይኔ የት ነበር?" አሉ፤ ከዚያ የት እንደነበር ትዝ ብሏቸው ሳቁ። "በይ አምጪው ልተርትርልሽ።"

"አይነካም" አልኩ።

ቀሚሱ አሁን ክለቡ ውስጥ ከደሬሳ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ልጁ ዛሬም አንዳንዴ ይፈጥናል። ያኔ ሌንሳ መዝፈኗን ሳታቆም በጣቷ ወደ ተዘጋው እጅጌ ትጠቁመዋለች፣ እሱም ይረጋል።