በቅጂው ላይ «አንተ»

እኔ በማዘወትረው ፒያሳ ካፌ ውስጥ ሶኬት ያለበትን ጥግ አንዲትን ወጣት የሚቀማት የለም። ቀይ ሹራቧን ወንበሩ ላይ ታንጠለጥልና ላፕቶፗን ከፍታ ከሟች አባቷ ጋር ትጣላለች።

አባቷ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ስለ ከተማችን ሐይቅ፣ ስለ ታቦር ሰፈር ጎረቤቶቻቸውና ስለ ሰው ሁሉ ስሕተት የጻፉት ብሎግ ብቻ ቀርቷል። የብሎጉ ሶፍትዌር አዲስ ስሪት ሊወጣ ነው፤ ገና በሙከራ ላይ ያለው ስሪት ግን ፊደላቸውን ወደ ባዶ ሳጥን ይለውጠዋል። እሷም ዋናውን ሳትነካ ሙሉ ቅጂውን ላፕቶፗ ላይ ጭናለች። ብሎጉ ላይ ከተጫኑት ተጨማሪ መሣሪያዎች አንዱን ታጠፋለች፣ ሌላውን ታበራለች፤ ከዚያ አንድ ነገር ጽፋ ፊደሉ ይተርፍ እንደሆነ ታያለች።

አስተናጋጇ ሐዳሳ ማኪያቶ ስታስቀምጥ የተጻፈውን አነበበች፦ «አንተ ሽማግሌ፣ ለጸሎት ነው እያልክ ዓሣ ገበያ ጥሬ ዓሣ ስትበላ እንደነበር እናውቃለን!»

«ውይ! አባትሽን አንተ ትያቸዋለሽ?»

«ይሄ ቅጂው ነው» አለች፣ ሳቋን አፍና። «ዋናው ላይ እርስዎ ናቸው። በሕይወት እያሉማ ማን ደፍሯቸው!»

ትናንት ፊደሉ ሁሉ ደኅና ወጣ። ጥፋተኛው ራሷ ለጌጥ የጫነችው የጽሑፍ ማሳመሪያ ኖሯል። እስከ እኔ ጠረጴዛ ድረስ የሚሰማ እልልታ አቀለጠች።

«እንግዲህ ቅጂውን ታጠፊዋለሽ» አለቻት ሐዳሳ።

ጣቷ ማጥፊያው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ላፕቶፑን ዘግታ ሹራቧን አነሣች።

«ዛሬ አይሆንም። የዓሣውን ነገር ገና አላመነልኝም።»