የጠበበው የልብ በርና የደረጃው መስኮት

በዘጠናዎቹ ዓመታት፣ እዚህ ስዊድን፣ ከስፖንጋ ሰፈር እስከ ዩልስታ ሰፈር አበሻ ሐኪም ቤት ሲጠራ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ስዊድንኛን ማንም አላስተማረኝም፤ ከሬዲዮ ለቅሜ ራሴን አስተማርኩ። ስለዚህ የዩልስታው ወዳጄ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ለልቡ ምርመራ የተመረቀች ቶልክ፣ ማለትም አስተርጓሚ፣ እንደተመደበችለት ሲነግረኝ አንጀቴ አረረ።

"አንተም ና" አለኝ። "ለጨዋታ ትሆነኛለህ።"

ሄድኩ። ቅናት እግር አለው።

ወዳጄ በግራ ጎኑ ተጋደመ፤ ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን መመርመሪያ ደረቱ ላይ ያንሸራትት ጀመር። ማሽኑ የደሙን ድምፅ ሹሽ ሹሽ እያደረገ ያሰማል። ደም ከልብ ወደ ትልቁ የደም ሥር የሚወጣበት በር ሲጠብ ደሙ እየፈጠነ ይወረወራል፤ ጥበቱ የሚለካው በዚያ ፍጥነት ነው። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳ አስተርጓሚዋ ልጅ ተርጉማ ሳትጨርስ ገብቶኛል። የውሃ ጎማ ጫፍ በአውራ ጣቱ አጥብቦ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል፤ ቀድሞ የገባኝ ግን እኔ ነኝ።

"በሩ በጣም ጠቧል" አለ ሐኪሙ። "ቀዶ ጥገናውን ለመወሰን ግን የሚሰማዎትን ማወቅ አለብኝ። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

ልጅቷ አንድ ቃል ሳትጥል ተረጎመች። ሐኪሙም "እንግዲያው እንጠብቅ" አለ።

እኔ ግን ይህን ሰው ዓመታት ሙሉ በቅናት ዓይን ስከታተለው ኖሬአለሁ። ሊፍት በሌለው ፎቁ ደረጃ ላይ በየመስኮቱ ቆሞ በረዶ የሚያደንቀው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

"ዶክተር" አልኩ ባማረው ስዊድንኛዬ፣ "እኛ ዘንድ ይህ ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ሞት አፋፍ ላይ ሆነንም እንለዋለን። ደረጃውን ወጥቶ ቤቱ እስኪደርስ በየመስኮቱ ቆሞ ያርፋል።"

"አንተ ሰላይ" አለኝ ወዳጄ፣ ልጅቷ ያልኩትን ስትተረጉምለት።

ልጅቷ እሱንም ተረጎመችው። ሐኪሙ ሳቀና ጥያቄውን ደገመለት። ወዳጄ ወለሉን አየ።

"ያጥረኛል። ባለፈው ደግሞ ደረጃው ላይ ራሴን ስቼ ነበር። ለባለቤቴ አልነገርኳትም።"

የልቡ በር ተለወጠለት። ድኖ ቤተ ክርስቲያን ሲመሰክር እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ ሐኪሞቹን አመሰገነ፣ "በጥሩ አማርኛ ያስረዳችኝን ልጅ" አመሰገነ። ጉባኤው እልል አለ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ዓይኑ ሥር ተቀምጫለሁ።

ከዚያ ምሳ ሊያበላኝ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። ደረጃውን ሳያርፍ ወጣው። ትንፋሹንም ቀናሁበት።

"ምነው ቀረህ?" አለኝ ከላይ ሆኖ።

"በረዶውን እያየሁ ነው" አልኩት።

ወሩ ሐምሌ፣ የስዊድን የበጋ ወር ነበር።