ለአባቴ የላመ አቮካዶ

አቮካዶ ማላም ሙያ አይጠይቅም። የበሰለውን ለሁለት ትሰነጥቂዋለሽ፣ ፍሬውን ታወጪያለሽ፣ ሥጋውን በማንኪያ ፍቀሽ በሹካ ትደፈጥጪዋለሽ፣ እንዳይጠቁር ሎሚ ጠብ ታደርጊበታለሽ፣ ከዚያ በወንፊት ታሳልፊዋለሽ። አለቀ። ሚክሰርማ አለኝ፤ ግን አርባ ምንጭ ላይ መብራት ያመነ ጦሙን ያድራል። እኔ የማምነው ክንዴን ነው።

የማላመው ለአባቴ ነበር። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ጫኖ ሙዝና አቮካዶ ሲያለማ የኖረ ገበሬ ነው። ስትሮክ ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን ያዘውና ከሆስፒታል ሲወጣ ከተማው ውስጥ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ቤቴ አመጣሁት። ሐኪሙ «ቀጭን ነገር ትን ይለዋል፣ ጠጣሩም ያንቀዋል፤ ወፈር ያለ የላመ ምግብ ስጪው። ካልበላ ተመልሶ ቱቦ ይገባለታል» አለኝ። ያንን የአፍንጫ ቱቦ አባቴ እንዴት እንደጠላው አይቻለሁ። ወንድሜ ከአባቴ ዛፍ የለቀመውን ጥሬ አቮካዶ በማዳበሪያ ላከልኝ፤ ከበሰለ ሙዝ ጋር ጠቅልዬ አበሰልኩት።

አባቴ አፉን ገጠመ። ወተት ጨመርኩበት፣ እምቢ። ማር፣ እምቢ። ጨው፣ እምቢ። ጭንቅ ሲለኝ ማንኪያውን በአየር ላይ እያዞርኩ «አውሮፕላን መጣ!» አልኩት። ወይ ጉዴ! ያየኝን አስተያየት መቼም አልረሳውም።

«አባዬ፣ ምን አደረግኩህ? የገዛ ዛፍህ ፍሬ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ እንዳላጣው ፈራሁ።

ማታ እኔና ባለቤቴ እራታችንን አጠገቡ አቀረብን። ባለቤቴ ገና ሊቆርስ እጁን ሲዘረጋ አባቴ በደህና እጁ ጠረጴዛውን መታ። ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን ደፋ።

ያኔ ገባኝ። እኛ ቤት አባቴ ሳይጸልይ ማንም እህል አፉ አያደርስም። አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ ግን እሱ ፊት ማን ደፍሮ ይጸልይ? ሆዱ እንዳይባባ ብለን ሁላችንም ጸሎቱን ትተነው ነበር። ለእኛ አክብሮት ነው፤ ለእሱ ግን ያልተባረከ ማዕድ።

«ጌታ ሆይ፣ ማዕዱን ባርክልን፣ አሜን» አልኩና በጥድፊያ ማንኪያውን አቀረብኩ። አፉን ግጥም!

«ያንቺማ አጭር ነው፤ የእሱን ጸልዪለት» አለኝ ባለቤቴ።

እውነቱን ነው። የአባቴ ጸሎት ወጥ ያቀዘቅዛል። እናቴ በሕይወት ሳለች «ሰውዬ፣ ጌታ እኮ ሰምቶሃል፤ ወጡ ረጋ!» ትለው ነበር። እንደገና ዓይኔን ጨፈንኩና በእሱ ቅደም ተከተል ጀመርኩ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መስኖው ውሃ፣ ስለ ሙዙ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ መንገድ ላይ ስላለ ሰው። አባቴ በአፍንጫው እም፣ እም ይላል። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚላት ቃል ላይ ደረስኩ፤ «የታመሙትንም አስብ።» ዕድሜውን ሙሉ ለሌላ ሰው ሲላት የኖረ ቃል ናት። «አሜን» ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

«አ… ሜ…» አለ አባቴ።

ከታመመ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል።