የአክስቴ ላጲስ

አክስቴ መጽሐፍ ጠራዥ ናት። የምትሠራው በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ነው። ያለቻት አንዲት መስኮት ከጣሪያው ሥር ሆና ከመንገዱ ጋር ትስተካከላለች፤ በእሷ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። «ሰው በፊቱ ይዋሻል እንጂ በተረከዙ አይዋሽም» ትላለች፤ ሠላሳ ዓመት እግር ስታይ ኖራለች።

ሁለት ደንብ አላት። ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ሲመጣላት በቦታው ባዶ ወረቀት ትሰፋበታለች፤ አንባቢው የጠፋ ነገር እንዳለ እንዲያውቅ። እርሳስ የነካውን ገጽ ደግሞ ምን እንደተጻፈበት ሳታይ፣ ዓይኗን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ በላጲስ ታጠፋዋለች። የሰው ጭረት ማንበብ ለእሷ የሰው ደብዳቤ እንደ መክፈት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ተቀዳደው የሚመጡት ኮሚኮች፣ በሥዕል የሚተረኩት መጻሕፍት፣ ናቸው፤ ከኮሚኮቹም ጨለማ ጨለማዎቹ። ጀግናው ጭንብሉን አጥልቆ፣ ካባው በዝናብ ርሶ፣ ጣራ ላይ ብቻውን የሚተክዝባቸው፤ አንዱን ሲያድን ሌላው የሚሞትባቸው።

«ጀግና ሆኖ ማኩረፍ ምን ይሉታል?» አለችው ጥበቃውን፣ ካርቶን ሙሉ ተሸክሞ ሲወርድ። «መብረር የሚችል ሰው ምን ጎደለው?»

«እርስዎም እኮ እትዬ፣ ጠዋት ደረጃውን ሲወርዱ እንዲሁ ነዎት። ጭንብሉ ብቻ ነው የቀረዎት።»

«ወግድ! ኮሚኮቹ ልጆቹን እያስፈራሩ ነው የምልህ።»

«ልጆች ብቻ መሰሉዎት? ላይ ጥግ ላይ የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ሰው አለ። አንዷን ገጽ ከፍቶ ሰዓት ሙሉ ያፈጥባታል። ሲገልጥ አይቼው አላውቅም።»

ካርቶኑን የላከችው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናት። ወላጆች አቤት ብለዋል፤ ጠራዧ መጠገን የሚገባቸውን ለይታ «ለክር የሚበቁ» የሚል ወረቀት ትለጥፍባቸው፣ የቀሩት ነገ ወረቀት ፋብሪካ ሄደው ይፈጫሉ። አክስቴ ደስ አላት። አንዱንም ልታስቀር አላሰበችም።

ባሏ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ከሚነድ ፎቅ አንድ ሕፃን አቅፎ ወጣ፤ የሕፃኑ ወንድም ውስጥ ቀረ። ከተማው አጨበጨበለት፤ የምስክር ወረቀቱ ሳሎን ተሰቀለ። እሱ ግን ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ አፉን ለጎመ። «ጨው አቀብዪኝ»፣ «በሩን ዝጊው»፤ ከዚህ ያለፈ ቃል ከቤታቸው ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ልንሸራሸር ብሎ ይወጣል፤ የት እንደሚውል አይናገርም። አክስቴ ባሏን በቁሙ እያጣችው እንደሆነ ታውቅ ነበር። «ክፉም ቢሆን አንድ ቃል ይንገረኝ» ትለኝ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት ዝናቡ ሳያቋርጥ ይወርዳል። መብራቷን አብርታ የመጀመሪያውን ኮሚክ ከፈተች። ድሮ የሰፋችው ባዶ ወረቀት ላይ የእርሳስ ሥዕል አለ። ላጲሷን አንስታ ፊቷን ልትመልስ ስትል እጇ ቀጥ አለ። የተሣለችው የገዛ መስኮቷ ነበረች፤ ከውጭ።

መንገዱ ላይ ካባ የለበሰ ሰው ቆሟል። የግራ ቦት ጫማው የታሰረው በወፍራም ነጭ ክር ነው። ክሩን አወቀችው፤ ሰም የተቀባ የጥረዛ ክር። ቋጠሮውም የጠራዥ ቋጠሮ፣ የራሷ። ባለፈው ክረምት የባሏ ጫማ ማሰሪያ ሲበጠስ እሷ ናት ያሰረችለት።

ሁለተኛው ኮሚክ ላይ ሰውዬው ወደ መስኮቷ ቀርቧል። ሕፃን እንዳቀፈ ክንዶቹን አጥፏል፤ እቅፉ ውስጥ ግን ምንም የለም። ሦስተኛው ላይ ከመስታወቱ ተጠግቷል። ውስጥ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ፣ ፊቷን አዙራ፣ አንድ ገጽ ትፍቃለች። ከሰውዬው አፍ ንግግር የሚጻፍበት ክብ ወጥቷል። ክቡ ባዶ ነው።

አክስቴ ከዚህ በፊት ሳታይ ያጠፋቻቸው ገጾች ትዝ አሏት። ከመደርደሪያው በቀደሙት ዓመታት የጠገነቻቸውን አወረደች። ባዶዎቹን ወረቀቶች አንድ በአንድ ወደ መብራቱ አዘነበለቻቸው። ላጲስ እርሳሱን እንጂ ጭረቱን አያጠፋም። ክቦቹ ውስጥ ቃላት ተሰርጉደው ቀርተዋል።

«ሁለተኛው ሲጣራ ሰምቼዋለሁ። እየሰማሁት ነው የወጣሁት።»

በሌላው፦ «ለማን ልንገር? ለአንቺ ነው እንጂ።»

በመጨረሻው፦ «እያየሽ ነው የምታጠፊው?»

ዝናቡ መስኮቱን ይጠበጥባል። ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ገለጠቻቸው። ጠራዥ የቱ ገጽ እንደሚወደድ ከእድፉ ታውቃለች። የጣት ወዝ የበላው፣ ጫፉ እንደ ጨርቅ የሳሳው፣ የድብድቡ ገጽ አልነበረም። በሁሉም ላይ ጀግናው ጭንብሉን አውልቆ ብቻውን የተቀመጠበት ነበር። ስንት ሰው፣ ስንት ጣት እዚያ ላይ ቆሟል! እሷ ደግሞ ኩርፊያ ብላው ነበር። «ለክር የሚበቁ» የሚለውን ወረቀት አንስታ ሙሉው ካርቶን ላይ ለጠፈችው።

ከዚያ ቀና አለች።

መስኮቱ ላይ ሁለት ቦት ጫማዎች ቆመዋል። ውሃ ይንጠባጠብባቸዋል። የግራው ነጭ ክር አለው። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ እዚያ የሚቆም እግር እንደነበረ አሁን ትዝ አላት፤ ከዝናብ ወይም ከፀሐይ የተጠለለ ሰው ይመስላት ነበር። ሰው የምታውቀው ሲያልፍ እንጂ ሲቆም አልነበረም።

እርሳስ ፈለገች። በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ ጻፈች፤ በዚያ ባዶ ክብ ውስጥ፣ በትልልቁ።

«አላየሁትም ነበር። ግባ።»

ወንበር ላይ ወጥታ ገጹን መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። ጫማዎቹ አልተነቃነቁም። እውነት እሱ ባይሆንስ? ከዚያ ጉልበቶቹ ቀስ ብለው ታጠፉ። የረጠበ ካፖርት መሬቱን ነካ፤ አንድ እጅ መስታወቱን ደገፈ፤ ከላይ፣ ከማይታየው በኩል፣ የባሏ ፊት ወረደ።

ክቡን አነበበ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ መስታወቱ ድምፁን አላሳለፈውም። መስኮቱ ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ለዓመታት ተከፍቶ አያውቅም።

አክስቴ የወረቀት ቢላዋዋን አንስታ ቀለሙን ትቆርጥ ጀመር።