ለአዲሱ ቤታችን የተነሳነው ፎቶ

ስፕሪንግፊልድ ታውንሃውስ የሚሉትን ተያያዥ ቤት የገዛን ሰሞን ባለቤቴ ደንበኛ የቤተሰብ ፎቶ ካልተነሳን አለች። በስልክ የተነሳነውን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። እዚሁ አጠገባችን ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ በጥንቱ ዘዴ ቆርቆሮ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አግኝታ ቀጠሮ ያዘች።

የሐበሻ ልብሳችንን ለብሰን ሄድን፤ እሷ፣ አብረውን የሚኖሩት እናቷና እኔ። የሁላችንም ጥለት ደማቅ ቀይና ቢጫ ነው። ፎቶ አንሺው ሽማግሌ ፈረንጅ፣ "ድሮ ኑሮ የተቃናላቸው ባለሱቆች እንዲህ ነበር የሚነሱት" ብሎ የእንጨት ዓምድና ውስጣቸው ባዶ የሆኑ መጻሕፍት አጠገባችን ደረደረ።

"ይሄ ዓምድ የማን ነው?" አሉ አማቴ።

"የሰውዬው ነው፣ ለፎቶ ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ ሰው የኛ ይመስለዋላ!"

"እንዲመስለው እኮ ነው፣ እማዬ" አለች ባለቤቴ።

ሰውዬው እንዳንነቃነቅ ማጅራታችንን ከኋላ በብረት ደግፎ መቁጠር ጀመረ። አራት ሲል አስነጠሰኝ። አማቴ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ "ይማርህ" አሉኝ።

ፎቶው ሲወጣ ሁለቱ ሴቶች ኮስተር ብለው እንደ እመቤት ተቀምጠዋል። እኔ ከአንገቴ በላይ ጭስ ነኝ። ጥለታችን ደግሞ ከሰል መስሏል፤ የድሮው ኬሚካል ቀይና ቢጫን ጥቁር ያደርጋል አለን። ባለቤቴ ግን ወደደችው፤ እዚያው ቆማ በስልኳ አንስታ ለዘመድ ግሩፕ ላከችው።

መጀመሪያ የመለሱት አዲስ አበባ ያሉት አጎቷ ናቸው፦ "ነፍስ ይማር።" ይህን ያየነው ግን በኋላ ነው። ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነበር፣ የኔም ስልክ ቤት ቀርቷል፣ እኛም ተዝናንተን ምሳ በላን።

ቤታችን ስንደርስ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጡ መኪኖች በሩን ዘግተውታል። ዘመዶቿ ድስት ይዘው ቆመዋል። በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ አዛውንት አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ።

"አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ግን ማን ነው የሞተው?"

"እኔ ሳልሆን አልቀርም" አልኳቸው።

አማቴ ስለ ኬሚካሉ ሦስት ጊዜ አስረዱ፤ የገባው ሰው አልነበረም። ወንበር ገና ስላልገዛን ሁሉም ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፤ ይባስ ብሎ ለቅሶ ቤት መሰለ። የመጣው ምግብ ተበላ፣ ሳቅም መጣ፣ አዛውንቱም ተነስተው ቤቱን መረቁልን።

አንዷ ዘመዷ ግን በር ላይ ጫማዋን እያደረገች እጄን ጨበጥ አደረገችና፣ "ለማንኛውም በርቱ" አለችኝ።